በጽሑፍ ያለ ሁሉ አይወረስም፦ ቀለም፣ ወረቀትና የወለጋ መዝገብ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ ተማሪ የለም። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። በምን ላይ የተጻፈ? በምን ቀለም? ዝናብ የበላው መዝገብም፣ ፀሐይ ያነጣው ደረሰኝም፣ በአንድ ጠብታ አልኮል የሚታጠብ ፊርማም «በጽሑፍ ያለ» ነበር። አልተወረሰም።

ቀለምና ወረቀትን ማስማማት የሠዓሊና የእጅ ጥበብ ሰው ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በነቀምትና በወለጋ ከተሞች ያለፈው መቶ ሃምሳ ዓመት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ማን ተመዘገበ፣ ማን ቀረ፣ የማን ቋንቋ ለልጅ ልጅ ደረሰ የሚለው ጥያቄ ግማሹ የፖለቲካ ቢሆንም፣ ግማሹ የወረቀትና የቀለም ጥያቄ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◈ እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ገጽ ይመርጣል

ቀለም ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለዓይን የሚታየው ማቅለሚያ ሲሆን፣ ሌላው ያንን ማቅለሚያ ተሸክሞ ገጹ ላይ የሚያደርሰው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ውሃ፣ ዘይት ወይም አልኮል ሊሆን ይችላል። የወረቀት ምርጫ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ቶሎ የማይመጥ፣ ነገር ግን ጨርሶ የማይገፋ ገጽ ይፈልጋል። ለዚህም ነው የወረቀት ሠሪዎች ወረቀቱን በሙጫ የሚያክሙት። ያልታከመ ወረቀት ላይ ቀለሙ ይንዠረገጋል፤ ፊደሉ ጢም ያወጣል። በዘይት የተለወሰው የማተሚያ ቀለም ደግሞ በመጠኑ የሚመጥና በማሽን ተጭኖ የሚታተም ወረቀት ይወዳል።

አልኮል ከሁለቱም ይለያል። በአልኮል የሟሟ ቀለም በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል። ተራ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ከመድረቁ በፊት በወረቀቱ ጭረቶች ውስጥ ሰርጎ ይሮጣል፣ ጠርዙን ያጣል፣ ወደ ጀርባው ያልፋል። ደብተር ላይ በማርከር የጻፈ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቀለሙ ሁለትና ሦስት ገጽ ዘልቆ ይገኛል። ይኸው ቀለም መስታወት፣ ፕላስቲክ ወይም የተወለወለ ሴራሚክ ላይ ሲንጠባጠብ የሚሰርግበት ስለሌለው ላዩ ላይ ተዘርግቶ የአበባ ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ይሠራል። በአልኮል ቀለም የሚሠሩ የዘመኑ ሠዓሊዎች ከእንጨት ጭረት የተሠራ ወረቀት ትተው፣ ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የሚሠራውን «ዩፖ» የተባለ የጃፓን ወረቀት ወይም ላዩ የተለበጠ የፎቶ ወረቀት የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትልቁ ትምህርት ግን ስለ ውበት አይደለም። ማቅለሚያው ሟሚ ከሆነ፣ ቀለሙን ያመጣው ፈሳሽ ቀለሙን መልሶ ሊወስደው ይችላል። የአልኮል ቀለም ከደረቀ በኋላም አልኮል ሲነካው ይነሣል። ለሥዕል ይህ ጨዋታ ነው፤ ስህተትን ማረሚያ ነው። ለሰነድ ግን አደጋ ነው።

◈ ጥላሸት የማይሞት ቀለም

የኢትዮጵያ ጸሐፍት ይህን ጉዳይ ከኬሚስቶች በፊት በተግባር ፈትተውት ነበር። ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ይነከራል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከሙጫ ተቀምሞ ለረጅም ጊዜ ይብላላል። ቀዩ ለርዕስና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል።

የዚህ ቀለም ምስጢር ጥላሸቱ ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ዘመን አይለውጠውም፣ አልኮልም አያሟሟውም። ጠላቱ ውሃና ፍትጊያ ነው። የቆዳ ማኅደር፣ የእንጨት ሽፋን፣ ከፍ ያለ መስቀያ ሁሉም የተሠሩት ከእነዚህ ሁለት ጠላቶች ለመጠበቅ ነው። ቀለሙ፣ ገጹና አቀማመጡ አንድ ሆነው የታሰቡ ነበሩ።

ወለጋ ግን የብራና አገር አልነበረችም። ታሪኳ፣ ሕጓ፣ የዘር ሐረጓ የሚጠበቀው በሽማግሌዎች አንደበትና በገዳ ሥርዓት ነበር። በምዕራብ ጫፍ በቤኒሻንጉል በኩል ከሱዳን ንግድ ጋር የአረብኛ ጽሕፈት ይገባል፤ ብራናው ደግሞ በብዛት የደረሰው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ስትስፋፋ ነው። ስለዚህ በወለጋ ጽሕፈትና መንግሥት ተያይዘው ገቡ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ይህን አሻራ ይዟል።

◈ የነቀምት ቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች

በ1882 የሌቃ ነቀምት ገዥ ሞሮዳ በከሬ ለራስ ጎበና በሰላም ገቡ። በምላሹም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ለምኒልክ ግብር መክፈል ቀጠሉ። ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ደጃዝማችም ሆኑ። ዛሬ ነቀምት ውስጥ የሚጎበኘው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የዚህ ቤተሰብ መቀመጫ ነው።

በዚህ ግቢ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ከሚከፈለው ግብር ጎን ሌላ ነገር ተከማቸ፤ ወረቀት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ትእዛዝ፣ የግብር ቁጥር፣ የድንበር ክርክር፣ የመሬት ጉዳይ በአማርኛ እየተጻፈና በማኅተም እየታተመ ነቀምት ይደርስ ነበር። ከዚህ ዘመን የተረፉትን ሰነዶች ኢጣሊያዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ኢትዮጵያዊው ተሰማ ታኣ አሰናድተው በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋቸዋል። ዛሬ ስለ ወለጋ ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ይህን ስብስብ ሳይነካ ማለፍ አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ወረቀቶቹ የተረፉት የገዥ ቤት ስለነበሩ ነው። ጣሪያ ነበራቸው፣ ጠባቂ ነበራቸው፣ ወራሽ ነበራቸው። ወርቁን ያጠበው፣ ቡናውን የለቀመው፣ ግብሩን የተሸከመው ገበሬ የራሱ ሰነድ አልነበረውም፤ ስሙ ከገባም የገባው የሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ቤት የሚያከማቸው በአብዛኛው የተላከለትን እንጂ የላከውን አይደለም። ስለዚህ የታዘዘው በደንብ ይሰማል፣ የተመለሰው መልስ ግን ይሳሳል። መዝገብ የሚመስለው ያስቀመጠውን ሰው ነው።

◈ ከስዊዘርላንድ የመጣው ወረቀት

በዚያው ዘመን ሌላ ወረቀት ወደ ወለጋ እየተጓዘ ነበር፤ ይህኛው በኦሮምኛ የተጻፈ ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ አጋማሽ ኢሉባቦር ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ለባርነት ተፈንግለው ብዙ እጅ ከተቀያየሩ በኋላ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ዘንድ ተምረው፣ ስዊድንም ሄደው አጠኑ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ በልጅነታቸው ከተወሰዱ በኋላ በ1886 ወደ ዐረብ አገር በባሕር ሲጓጓዙ የኢጣሊያ መርከብ አስጥሏቸው፣ ምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ።

ሁለቱ የጀመሩት ሥራ ለማመን የሚከብድ ነው። ከአገራቸው ተነቅለው፣ ቋንቋቸውን ከማይናገር ሕዝብ መካከል ተቀምጠው፣ ከትዝታ ተነሥተው የኦሮምኛን የጽሑፍ ቋንቋ ገነቡ። አስቴር ከልጅነት ትዝታቸው ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዜማዎች ጻፉ፤ ለትርጉሙ ሥራ መሠረት የሆነ የቃላት ስብስብም አዘጋጁ። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ላይ ታተመ። በ1894 የመማሪያ መጽሐፍ ተከተለ፤ ከአስቴር ስብስብ ከፊሉ የገባው በዚህ ውስጥ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሁሉም የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው።

ከቀለም አንጻር ሲታይ እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ዝምድና አለ። የማተሚያ ቤቱ ጥቁር ቀለም በዘይት የተለወሰ ጥላሸት ነው። የደብተራው ብርዕና የአውሮፓው ማተሚያ ብረት ተሸካሚውን ፈሳሽ ቀየሩ እንጂ ማቅለሚያው አንድ ነው። በ1890ዎቹ የታተመ መጽሐፍ ፊደል ዛሬም ጥቁር የሆነው ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ወረቀት ከጨርቅ ወደ እንጨት ተሸጋግሮ ነበር፤ ቀለም እንዳይመጥም በዛፍ ሙጫና በአሉም ይታከም ነበር። አሉሙ በጊዜ ብዛት አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ወረቀቱን ያቢጫል፣ ያደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ሲገለጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ለጊዜው ቀለሙን እንዲይዝ የተደረገው ሕክምና ውሎ አድሮ ወረቀቱን የሚገድል ሆነ። ቀለሙ ዕድሜ አለው፤ የተሸከመው ገጽ ግን የለውም።

ኦነሲሞስና ጓደኞቻቸው በ1904 ወለጋ ገቡ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው፤ ነቀምት ላይ በኦሮምኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙም አልቆየም። በ1906 ክስ ቀርቦባቸው አዲስ አበባ ተጠሩ፤ ግዞት ተፈረደባቸው። ምኒልክ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ቢፈቅዱም ማስተማርና መስበክ ተከለከሉ። ፈቃድ ያገኙት ከአሥር ዓመት በኋላ በ1916 በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። በ1931 ነቀምት ላይ አረፉ። አስቴር ጋኖ እስከ 1964 ኖሩ።

◈ ቀለሙ ሳይለቅ አንባቢው ሲጠፋ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኦሮምኛ ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ውጭ ሆነ። ከ1974 በኋላ በግዕዝ ፊደል ጋዜጣ ወጣበት። በኅዳር 1991 መጀመሪያ ደግሞ የላቲን ፊደል የሆነው ቁቤ ተመረጠ። የቁቤን ምርጫ ዛሬ መልሶ መክሰስ አያስፈልግም፤ ቋንቋው በአንድ ትውልድ ውስጥ የትምህርት፣ የፍርድ ቤትና የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ሆኗል። ዋጋው ግን ተከፍሏል፣ መታወቅም አለበት።

ነቀምት ተምሮ ያደገና በቁቤ ብቻ የሚያነብ ወጣት የኦነሲሞስን መጽሐፍ ቢከፍት ቋንቋው የገዛ ቋንቋው ነው፤ ፊደሉ ግን ዝግ ነው። የኩምሳን ደብዳቤዎች ቢከፍት ደግሞ ፊደሉም ቋንቋውም ዝግ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአማርኛ አንባቢ በበኩሉ የኦነሲሞስን ፊደል እየቆጠረ ያነባል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አይገባውም። ስለዚህ በአንድ ዘመን የተጻፉ ሁለት መዛግብት ወራሾቻቸው ተለያይተው ቆመዋል። ቀለሙ አልለቀቀም፣ ወረቀቱም አልተሰበረም፤ አንባቢው ነው የተበተነው። ይህንን የሚጠግን ሙጫ የለም፤ ሊጠግነው የሚችለው ከፊደል ወደ ፊደል የሚገለብጥ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግር የሰው ጉልበት ብቻ ነው።

◈ አልኮሉ ከፊንጫ፣ ወረቀቱ ከባሕር ማዶ

አሁን ወደ ዛሬ። ወለጋ የአልኮል እጥረት የለባትም። ከአረቄው ባሻገር፣ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሞላሰስ ኤታኖል ያወጣል። በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ አምስት በመቶ ኤታኖል መደባለቅ ሲጀመር ምንጩ ፊንጫ ነበር።

ወረቀቱ ግን የሌላ ነው። በወንጂ ያለው የወረቀት ፋብሪካ እንኳ ለዓመታት የተማመነው ከውጭ በሚገባ ፐልፕ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ደብተር ይወደዳል፣ መጽሐፍ ይዘገያል፣ መሥሪያ ቤቶችም በገበያ የተገኘውን ርካሽ ወረቀት ይገዛሉ። «ይህ ወረቀት ለዚህ ሥራ ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ የግዥ ኮሚቴ ማግኘት ከባድ ነው። መስፈርቱ ዋጋና ንጣት ነው።

ውጤቱን በየመዝገብ ቤቱ ማየት ይቻላል። የዛሬው ተራ እስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። በኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር በቀባ እጅ ቅጽ የሞላ ሰው ፊርማው ሲንሸራተት አይቷል። ሰነድ የሚያጭበረብርም ይህንኑ ያውቃል፤ ቁጥርና ስም በጥቂት አልኮል ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። የማርከር ቀለም በክላሰር ጀርባ ላይ ዛሬ ደማቅ ነው፤ መስኮት አጠገብ ለጥቂት ዓመታት ከቆየ ግን ይነጣል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጭራሽ ቀለም የለውም፤ ሙቀት የሚያጠቁረው ወረቀት ነው፤ ኪስ ውስጥ ከርሞ ባዶ ይሆናል። ግብር የከፈለ ነጋዴ ማስረጃው በእጁ ላይ ይጠፋበታል።

በዚህ ላይ የነቀምት አየር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ፣ በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች መካከል ናት። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ የወረቀትን አሲድ ያፋጥናል፣ በውሃ የሚሟሟ ቀለምን ያደበዝዛል። ለአዳማ ደረቅ አየር የሚበቃ አያያዝ ለነቀምት ክረምት አይበቃም።

◈ «ሁሉም ዲጂታል ሆኗል» የሚለው መልስ

ለዚህ ሁሉ የተለመደ መልስ አለ። ወረቀት ያለፈበት ነው፤ መታወቂያው ፋይዳ ሆኗል፣ ክፍያው በስልክ ሆኗል ይባላል። ዲጂታል መዝገብ ትልቅ ጥቅም እንዳለው የሚክድ የለም። ወለጋ ግን የዚህን መልስ ጉድለት በራሷ ላይ አይታለች። በ2020 መጀመሪያ የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦባቸው ነበር። መስመር በሌለበት ቀን ሰው ማንነቱን፣ መሬቱን፣ ትምህርቱን የሚያስረዳው በእጁ በያዘው ወረቀት ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው ግጭት ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብም አብሮት የሚጓዘው አንድ ፌስታል ሰነድ ነው። ያ ፌስታል ዝናብ ሲመታው የቀለሙ ዓይነት የአንድን ቤተሰብ መብት ይወስናል።

ወረቀትና ኮምፒውተር ተፎካካሪ አይደሉም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚቆምባቸው ሁለት እግሮች ናቸው።

◈ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ብዙ ቢሊዮን አይጠይቅም። አብዛኛው የግዥና የልማድ ጉዳይ ነው።

አንደኛ፣ ለቋሚ ሰነድ የሚሆን ቀለም ይለይ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የይዞታና የትምህርት ማስረጃ በአልኮል በሚሟሟ እስክሪብቶ መፈረም የለበትም። የካርቦን ማቅለሚያ ያለው ብዕር አለ፤ የሌዘር ማተሚያ ጥቁር ዱቄትም በአብዛኛው ካርቦን ያለው ነው። በእንግሊዝ የጋብቻ መዝጋቢዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ የማይታጠብ ልዩ የመዝጋቢ ቀለም ነው። ከኬሚስትሪው በፊት የእኛ ጸሐፍት የደረሱበት ጥበብም ከዚህ አይርቅም።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ በዓይነቱ ይገዛ። ለረጅም ዕድሜ የሚሆን ወረቀት «አይኤስኦ 9706» የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለው። ለማስታወቂያ ተራው ይበቃል፤ ለመዝገብ ግን አሲድ የሌለው ይግባ።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ሰነድ ላሚኔሽን ማስደረግ ይቅር። ሙቀቱና ማጣበቂያው አይመለሱም፤ ውስጡ የገባ እርጥበትም አይወጣም። ቅጂው ይለበጥ፤ ዋናው በንጹሕ ፖስታ ይቀመጥ። ማርከር ለሣጥኑ እንጂ ለሰነዱ አይደለም።

አራተኛ፣ ቅጂ በሁለት ቦታ ይኑር። በ1944 የተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አዲስ አበባ ነው፤ ነቀምት ደግሞ ከዚያ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የወለጋ መዝገብ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ አያየውም፤ ነቀምት ብቻ ከሆነ አንድ እሳት ይበቃዋል።

አምስተኛ፣ የጠፋው አንባቢ ይፈለግ። የኦነሲሞስንና የአስቴርን ሥራ ወደ ቁቤ መገልበጥ፣ የኩምሳን ደብዳቤዎች ወደ ኦሮምኛ መተርጎም፣ የኦነሲሞስን ኦሮምኛ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት በነቀምት የሚገኘው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሁለቱንም ፊደል፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ አሉ። ሃያ ዓመት ሲያልፍ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

ከባርነት ያመለጠች ልጅ ከትዝታዋ 500 ቅርስ ጻፈች፤ መጽሐፍ ውስጥ የገባው ግን ከፊሉ ነው። ያን ጊዜ ያነሰው ፍላጎት ወይም እውቀት አልነበረም፤ ያነሰው የማሳተሚያ አቅምና የሚያስቀምጥ ቤት ነው። ዛሬ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱና በየፍርድ ቤቱ የሚጻፈው እንዳይጠፋ፣ የሚቀጥለው የግዥ ኮሚቴ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ ይጠይቅ።